እንደ ኮሶ የተዋጠ ኪኒን

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ በከፈተው መድኃኒት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ጣሊያኑ ቀማሚ መጀመሪያ ያሳየኝ ሚዛኑን ነው። ያሳየኝ ግን እንዳልነካው ነው። ቀጥሎ ቆሻሻ ብልቃጥ የሞላበት ገንዳ አጠገብ አቆመኝና በአስተርጓሚው አፍ «ያንተ ሥራ ይኼ ነው» አለኝ።

ብልቃጥ ማጠብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአመድ ይፈተጋል፣ ይቀቀላል፣ ተደፍቶ ይደርቃል፤ ቡሹም ለብቻው ይቀቀላል። እጄ እስኪላጥ አጠብኩ። የቤተ ክህነት ትምህርት ስለነበረኝ ፊደል መያዝ አይከብደኝም፤ የፈረንጁንም ፊደል ከብልቃጦቹ ላይ ለቀምኩት። ጣሊያንኛውንም እየዋለ እያደረ ለመድኩት። ቀማሚው ዱቄት ሲመዝን፣ በሙቀጫ ሲያልም፣ በወረቀት ሲጠቀልል እጁን እከተል ነበር። ሙያው ልቤን ወሰደው።

አንድ ቀን ደፍሬ «ሲኞር፣ ቅመማ ያስተምሩኝ» አልኩት። ሳቀብኝ።

«ለአገሬው የተፈቀደው መጥረግ፣ ማጠብና በር መጠበቅ ነው። ብታረጅም ከዚያ አታልፍም» አለኝ።

ሰው አገር መጥቶ፣ በገዛ አገሬ የምደርስበትን ልክ ይነግረኛል። ደሜ ፈላ። እናቴን የምጦረው በዚያ ሥራ ነበርና ጥርሴን ነክሼ ወደ ገንዳዬ ተመለስኩ።

ሌላም ደንብ ነበረው። አገሬው ሠራተኛ ስለ መድኃኒት ለበሽተኛ አንዲት ቃል አይናገርም፤ የሚናገረው አስተርጓሚው ብቻ ነው። አርበኞቹ ጣሊያንን በየመንገዱ ሲያስጨንቁት የጣሊያን ጦር አስተርጓሚውን ለራሱ ወሰደው። ደንቡ ግን አልተነሣም። ከዚያ ወዲያ ቀማሚው በመስኮቱ መድኃኒቱን እየሰጠ፣ በጣሊያንኛ እያነበነበ ሰዉን ይሸኘው ጀመር።

ወይዘሮ ከድጃ የሚባሉ ሴት ከይጁቤ የመጡት ያኔ ነው። ባለቤታቸው የጨው ነጋዴ ናቸው፤ ዓባይ በረሃ ወርደው ንዳድ፣ የወባ ትኩሳት፣ ይዟቸው ተመልሰዋል። ቀማሚው የሳምንቱን ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸውና የማይገባቸውን ነገር ተናግሮ «ሂጂ» በሚል እጁን አወናጨፈ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ ልጄ? እንዴት ነው የሚዋጠው?»

ወዲያው ክፉ ነገር ታሰበኝ። ያን ጊዜ የእኛ ሰው አዘውትሮ የሚወስደው መድኃኒት ኮሶ ነው። ኮሶ ደግሞ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ጊዜ ይጠጣል እንጂ ለነገ ተብሎ አይተርፍም።

«ሲኞር፣ ልንገራቸው» አልኩ።

«ዝም በል» አለኝ።

«እናቴ፣ በየቀኑ…» ብዬ ስጀምር መስኮቱን ፊታቸው ላይ ድርግም አደረገው፤ እኔንም በጥፊ አጮለኝ። በሩን ቆልፎ እስኪመሽ ብልቃጥ አሳጠበኝ። ስወጣ የይጁቤን መንገድ ይዤ ሮጥኩ፤ ኬላው ላይ ዘቦቹ መለሱኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ወይዘሮ ከድጃ ተመልሰው መጡ። ባለቤታቸውን በቅሎ ላይ አስቀምጠው ልጓሙን ራሳቸው ይስባሉ። ነጋዴው ጆሯቸው ደንቁሯል፤ ዓይናቸውም አያይም።

«በባዶ ሆዱ፣ አንዷን እንኳ ሳላስቀር በአንድ ጊዜ አዋጥኩት» አሉ። አደራቸውን እንደተወጡ ሰው ነበር የሚናገሩት። የሳምንት ኪኒን ባንዴ ሲዋጥ ጆሮና ዓይን እንደሚያጠፋ የነገራቸው የለም።

ያን ቀን ግን ቀማሚው ራሱ ሲፈልግ የሴትዮዋን ቃል አስተረጎመኝ። ስነግረው ትከሻውን ሰብቆ «አላዋቂ ሕዝብ» አለ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ሲኞር ማለቱንም ተውኩና «በማን ቋንቋ ነገርካቸው?» አልኩት። ዘበኛ ጠርቶ አስወጣኝ፤ ሥራዬም በዚያው አበቃ።

ደጅ ወይዘሮ ከድጃ ቆመው ጠበቁኝ። እሱን አልወቀሱም፤ ከፈረንጅ ምን ይጠበቃል።

«አንተ የእኛው ልጅ ነህ። ቆመህ እያየህ እንዴት ዝም ትለኛለህ?» አሉኝ።

ስለ ጥፊው፣ ስለ ተቆለፈው በር፣ ስለ ኬላው ልነግራቸው ጀመርኩ። ሳልጨርስ በቅሎዋን እየሳቡ ሄዱ። የነጋዴው ጆሮ እያደር እንደተሻላቸው ሰማሁ። ዓይናቸው ግን እንደጠፋ ቀረ።

ያ ሰውዬ ጣሊያን ሲወጣ አብሮ ወጣ። የጠየቀው የለም። እሱ ባደረገው እኔ ተወቀስኩ፤ ይኸው ሸብቼም ያንገበግበኛል።

ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል በረዳትነት ሠለጠንኩ። ፈተናውን አልፌ ቀማሚ ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣም በዚሁ ሙያ ሠራሁ። በእኔ ሥር ለሠለጠኑት ሁሉ የነገርኩት አንድ ነገር ነው። በሽተኛው መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ በራሱ አፍ መልሶ እስኪነግራችሁ ድረስ ከእጃችሁ አትልቀቁት።