ባዶውን የተፈተነው የሆስፒታል ሞተር

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቂርቆስ

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ካዛንቺስ ባለ አንድ ትንሽ ሆስፒታል መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ጭቃ፣ ጭጋግ፣ የተዘጉ በሮች። አከራዬ እትዬ ዘይነባ ለሆድ እጢያቸው በአራት ሰዓት ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ሆስፒታል ገብተዋል። ማታ ስጠይቃቸው፣ «መብራት ቢጠፋስ ልጄ?» አሉኝ። «መብራት የሚሰጥ ሞተር አለ» አልኳቸው፤ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሞተሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ይነሣል። ናፍጣ እንዳይባክን ከመብራቱ ሳይገናኝ አሥር ደቂቃ ይጮሃል። እኔ ድምፁን በመስኮት ሰምቼ «ደህና ሠርቷል» ብዬ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። አምፖል ሲያበራ አንድም ቀን አላየሁም።

1 ሰዓት፣ ለገሃር

ኬላው ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን ሁለቴ ገልብጦ አየ። የከሰል ጭስ፣ ሣጥን የተሸከሙ ሰዎች። የባቡር መካኒክ የነበሩት ጋሽ መኩሪያ ግንብ ተደግፈው ደረቅ ዳቦ ይበላሉ። የመጣሁት እሳቸውን ፍለጋ ነበርና የሞተሩን ነገር እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

«ባዶውን ነው የምታስነሡት?»

«አዎ።»

«እሱማ እኔም ባዶ እጄን እንጦጦ ድረስ እሮጣለሁ። ጆንያ አሸክሚኝና እዪኝ።»

«ታዲያ እንዴት ይፈተናል?»

«በኦፕራሲዮን ጊዜ የሚሠራውን ዕቃ ሁሉ አገናኝተሽ፣ ኦፕራሲዮኑ የሚፈጀውን ያህል ማቆየት ነው።»

2 ሰዓት ተኩል፣ ካዛንቺስ

ከጋሽ መኩሪያ ጋር በጋሪ ዳገቱን ወጣን። አዳዲስ የድንጋይ ቤቶች፣ ቀይ ጣራ፣ አንገታቸውን የደፉ የቀን ሠራተኞች። ጣሊያናዊው የሞተር ኃላፊ ጥያቄዬን ሰምቶ መዝገቡን ገለጠ።

«ደህና ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«ሳላይ ነው የጻፍኩት።»

«ምን?»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

«ሞክሩት» አለ፤ «ታፍሩበታላችሁ።»

የኦፕራሲዮኑን መብራት፣ የመሣሪያ መቀቀያውንና የውሃ ፓምፑን አገናኙ። ሞተሩ በአንዴ ተነሣ፤ ኃላፊው ፈገግ አለ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጭሱ ጠቆረ፣ መብራቱ ደበዘዘ፣ ድምፁ ከበደ፤ ቆመ። ጋሽ መኩሪያ ሲፈቱት የማቀዝቀዣው ቧንቧ በዝገት ተደፍኖ፣ ውስጡ ተቃጥሏል። መለዋወጫው የሚመጣው ከምጽዋ ነው።

«መቼ?» አልኩ።

«መንገዱ ሲከፈት» አለ ኃላፊው። መንገዱን አርበኞች ዘግተውታል።

ሐኪሙ ያለ ሞተር ኦፕራሲዮን አላደርግም አለ።

5 ሰዓት፣ ወደ ቂርቆስ

እትዬ ዘይነባ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ክንዴን ይዘው ይራመዳሉ፤ ሕመሙ ሲነሣባቸው አጥር ይደገፋሉ።

«አንቺ ነሽ አሉ ያስቀረሽው።»

«አዎ፣ እትዬ።»



«መብራት ቢጠፋ እዚያው እቀር ነበር?»

«ምናልባት።»

«ባይጠፋስ ዛሬ እገላገል ነበር።»

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው።

«አላህ ያውቃል» አሉና ክንዴን አጥብቀው ያዙ።

ቤት አድርሻቸው አልጋቸውን አነጠፍኩ። ያን ቀን የከተማው መብራት አንዴም አልጠፋም።