ውሻ ይዤ ሞጣ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ውሻዋን አደራ ብላኝ ሄደች። ውሻው ግቢያችን ተከራይቶ የነበረ የመንገድ መሐንዲስ ሲዛወር የተወላት ነው። ዘሩ ሪትሪቨር እንደሚባል፣ አዳኝ የጣለውን ወፍ አንስቶ እንደሚያመጣ ነግሮን ነበር። ቢቸና ውስጥ ማን ወፍ ያድናል? አይጮህ፣ አይናከስ፤ ሌባ ቢመጣ ጭራውን እየቆላ የሚቀበል ነው የሚመስለኝ። ልጄ ግን ማታ ማታ ግቢ ውስጥ እንጨት ትወረውርለት ነበር። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት አንብቤ ነው ያወቅኩት። ስለዚህ «ይህን ጊዜ መጽሐፍ ብትገልጪበት» እያልኩ እቆጣት ነበር።

ዘንድሮ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰና፣ ያልተከተበ ውሻ ሁሉ እንደሚወገድ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ቢቸና የመጣው ክትባት ተራዬ ሳይደርስ አለቀ። የእንስሳት ሐኪሙ «ቅዳሜ ሞጣ ይሰጣል፤ እስከ ቀትር ብቻ ነው» አለኝ። አደራ የተቀበለ ሰው ምክንያት አይደረድርም። እሄዳለሁ አልኩ።

መናኸሪያው ላይ ሚኒባሶቹ እምቢ አሉኝ። የአንዱ ረዳት፣ «አባባ፣ በግ ቢሆን ኖሮ ጣሪያ ላይ እናስረው ነበር» አለ።

«በግ ነው ብለህ እሰረው።»

«መንገድ ላይ ቢጮህስ?»

«አይጮህም። ችግሩም እሱ ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኛ ግን ቀረን። በመጨረሻ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ሾፌር ከኋላ ከረጢቱ ላይ እንድንወጣ ፈቀደልን። ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ፣ ፊቴን ከውሻው አዙሬ ተቀመጥኩ። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ መኪናው ሲያንገጫግጨን ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ጣለ። በዱላዬ ገፋሁት። መልሶ ጣለው። ተውኩት።

ሞጣ ስንደርስ ክትባቱ የሚሰጥበት ሜዳ በውሻ ጩኸት ይናወጣል። ተሰለፍን። ተራችን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ ዘለለበት፤ የእኔው ደንግጦ ገመዱን በጠሰና ሜዳውን አቋርጦ ሮጠ። የሞጣው ሐኪም ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሯል። ሰዎች ወደ እኔ ሊመልሱልኝ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ አሉ። የእኛ አገር ውሻ ሰው ሲጎነብስ ካየ ይሸሻል፤ ይሄ ግን ቆሞ ጆሮውን አቀና። እኔም በንዴት ዱላዬን ወረወርኩበት። ሳትኩት።

ዱላውን በአፉ አንስቶ እየሮጠ መጣና እግሬ ሥር አኖረው። እኔ ደርቄ ስቀር ተመልሶ ሄደ፤ ራቅ ብሎ ቆሞ ያየኝ ጀመር።

«አባባ፣ ይወርውሩለት እንጂ፤ እየጠበቀዎት ነው» አለ ከሰልፉ አንድ ሰው። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው ፊት፣ ከውሻ ጋር ስጫወት መታየት ሞት መስሎ ታየኝ። ነገር ግን ልጄ ማታ ማታ ምን ታደርግ እንደነበር አሁን ገባኝ። እኔ ሥራ ፈትነት ያልኩት ነገር ውሻው የሚታዘዝበት ብቸኛ ቋንቋ ነበር። ዱላዬን አነሳሁና፣ አሁን ሆን ብዬ፣ ወረወርኩ። ይዞ ሲመጣ ተንበርክኬ አንገቱን አቀፍኩት።

«ጭንቅላቱን አጥብቀው ይያዙ» አለኝ ሐኪሙ። እስከዚያ ቀን ውሻ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ያዝኩት። መርፌው ሲገባም ዱላዬን እንደነከሰ ነበር።

ከሞጣ ሳልነሳ ለልጄ ደወልኩላት።

«ተከትቧል» አልኳት።

«አስቸገረዎት አባዬ?»

«ገመድ በጥሶ ሮጦ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ያዙት?»

ልጆቼን አትዋሹ እያልኩ ነው ያሳደግኩት። «እንጨት ወርውሬለት» አልኳት።

ሳቋን እየዋጠች እንደሆነ ይታወቀኛል።

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት» አልኳት። «የመጀመሪያው ልመታው ነበር።»