ፍል ውሃ የገባው እግር

ክሊኒኩ የቀጠረኝ ካርድ ለማውጣት ነበር። ቪዲዮ መቅረጽ የጀመርኩት የእኔ ስልክ ካሜራ ከሌሎቹ ሠራተኞች ስልክ ስለሚሻል ብቻ ነው። የሆርሞን ሐኪማችን ስለ ስኳር በሽታ ሲያስረዳ እንድቀርጸው አንድ ቀን ጠየቀኝ፤ ከዚያ ወዲህ የሥራዬ ግማሽ ሆነ። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ በኦሮምኛ እደግመዋለሁ፣ ቪዲዮው በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ተራ መጠበቂያው ውስጥ ባለው ቴሌቪዥንም ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል። የራሴን ድምፅ ከመልመዴ የተነሳ ከማራገቢያው ድምፅ አልለየውም።

የአዳማ ሰው ሆርሞን ሲባል የሴቶች ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ሐኪሙ ስለ ቆሽት ሲያስረዳ፣ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ከእሱ እንደሚመነጭ፣ እሱ ሲደክም ስኳር ደም ውስጥ እንደሚጠራቀም ሲናገር፣ አንዲት እናት የእኔ ቆሽት በልጆቼ ካረረ ዘመን አልፎታል፣ ሌላ አዲስ ነገር ካለህ ንገረን አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የእኔም ሳቅ ቪዲዮው ላይ ይሰማል። መሳቄን ያወቅሁት ግን ቪዲዮውን ሳየው ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ ሳቁም ለቅሶውም የጎረቤት ይመስለኛል።

አባቴ የሚኖረው ደራ ነው። ዕድሜውን ከአዳማ አሰላ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ትንሽ በቆሎ ይዘራል። ስኳር ከያዘው ብዙ ዓመቱ ነው። እግሩ መደንዘዝ ሲጀምር የነገረኝ እንደ ቀልድ ነበር፤ ፍሬን የሚረግጠው እሱ ይሁን ሌላ ሰው እንደማያውቅ አጫወተኝ። መኪናውን የሸጠውም ለዚሁ ነው። ስደውልለት መልሱ ሁልጊዜ «ፈያዳ» ነው፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ቤቱ እየተቃጠለ ብደውልለትም «ፈያዳ» ከማለት አይመለስም።

ስለ እግር የሠራነውን ቪዲዮ ልኬለት ነበር። በባዶ እግር አትሂዱ፣ እግራችሁን በየቀኑ ከላይም ከታችም ተመልከቱ፣ የደነዘዘ እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ፣ ቢያቃጥላችሁም አታውቁትም ይላል። ደጋግሞ አይቶታል። ድምፁ የልጄ ነው እያለ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቷል። ማታ ማታ በሳፋ እግሩን መንከርም ከዚያ ወዲያ ትቷል።

ከዚያ ከመስጊድ ጓደኞቹ ጋር ፍል ውሃ ሄደ። ከመልካሳ ወዲያ ያለው ፍል ውሃ በእኛ አገር ለወገብም፣ ለቁርጥማትም፣ ስም ላልወጣለት በሽታም መድኃኒት ነው። የሽማግሌዎቹም ወግ አለ። ውሃው ከመሬት የሚፈልቅበት ጋ፣ ከሁሉም በላይ በሚፋጀው ቦታ እግር ይነከራል፤ ብዙ የቻለ ብዙ በሽታ ይወጣለታል ይባላል። ጓደኞቹ ነከር አድርገው እያወጡ፣ ኡፍ እያሉ ሲሳሳቁ አባቴ እግሩን እንደነከረ ተቀመጠ። ጎበዝ አሉት። የሹፌር እግር እንዲህ ነው ብለው አሞገሱት። እነሱ ልብሳቸውን ለብሰው እስኪጠብቁት ድረስ አልተነሳም። ይህን የነገረኝ ከመካከላቸው አንዱ ነው፤ ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

ቤቱ ገብቶ ካልሲውን ሲያወልቅ ቆዳው አብሮ መጣ። አልደወለልኝም። ቅባት ቀብቶ በጨርቅ ጠቀለለው፤ በስልክም «ፈያዳ» ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ሽታው ያስጨነቃት ጎረቤታችን ደወለችልኝና ሄጄ አመጣሁት።

ሐኪሙ ጨርቁን ፈትቶ አየው። ክርክር የጀመረው አባቴ ነው። ቪዲዮውን በደንብ እንዳየ፣ የተባለውንም አንድ ሳያጎድል እንደፈጸመ ተናገረ።

«ልጄ ያለችው የሳፋ ውሃ ነው፣ ዶክተር» አለው። «ይኼ ፍል ውሃ ነው። አላህ ያሞቀው እንጂ ሰው ያሞቀው አይደለም።»

ሐኪሙ አልተከራከረውም። እግሩን ለማትረፍ የሚቻለው ሁሉ እንደሚደረግ፣ ቁስሉ አጥንት ውስጥ ከገባ ግን ከጉልበቱ በታች እንደሚቆረጥ ሳይሸፋፍን ነገረው። አባቴ መንገድ ተዘግቷል እንደተባለ ሹፌር ራሱን ነቀነቀ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ይኼን ነው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ ምንም አልተሰማኝም፤ ይህም አናደደኝ።

ሆስፒታል ተኝቶ መድኃኒት በሚወስድበት ሳምንት ሐኪሙ ሊጠይቀው መጣና ቪዲዮውን እንደገና እንሥራው አለ። ፍል ውሃ የሚለውን በስሙ መጥራት አለብን፤ አባትሽ ከፈቀዱም እግራቸውን ብቻ፣ ፊታቸውን ሳናሳይ እንቅረጽ አለኝ። አባቴ ሰምቶ ኖሮ ተቆጣ። እግር ብቻ ከታየ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል፣ ደራ ያለ ሰው የሚያምነው የሚያውቀውን ፊት ነው አለ። ኮፍያውን እንዳስተካክልለት ጠየቀኝ።

ሐኪሙ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ በዚህች ክር ስነካዎት አዎ ይበሉ አለው። እኔ ስልኩን ይዣለሁ። አውራ ጣቱን ነካው፤ አባቴ ዝም። መሐል እግሩን ነካው፤ ዝም። ተረከዙን ነካው፤ ዝም። ሐኪሙ ጨርሶ እጁን ካነሳ በኋላ አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ «አዎ» አለ። ትንሽ ቆይቶ በርታ ባለ ድምፅ «አዎ» ብሎ ደገመው። ማንም አላረመውም። ቪዲዮውን ሳስተካክል ያችን ቦታ ልቆርጣት አስቤ ተውኳት። ብዙ ሰው ደጋግሞ ያየው እሷን ነው።

ቁስሉ አጥንት ገብቷል ተባለ። ቀዶ ሕክምናው ለማግስቱ ጠዋት ተቀጠረ። ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎቹ ሲወጡ ግርጌው ተቀመጥኩ።

«አትጨነቂ» አለኝ። «ምንም አያመኝም።»

ሊያጽናናኝ ነው። ቢያመው ኖሮ ያን ቀን ውሃው ውስጥ አይቆይም ነበር፤ ይህን እሱም ያውቀዋል። ከዚያ ስለ በቆሎው ማውራት ጀመረ፤ ዝናቡ ጥሩ እንደሆነ፣ ሄጄ እንዳይለት። እጄን በብርድ ልብሱ ሥር ሰድጄ በፋሻ ያልተሸፈነውን ተረከዙን ያዝኩ። መጀመሪያ ዳበስኩት። ቀጥሎ ጨበጥኩት። ቀጥሎ ጥፍሬን ተከልኩበት፤ ጣቶቼ እስኪያሙኝ ድረስ፣ አንድ ጊዜ ኧረ እንዲል፣ እግሩን እንዲሰበስብ፣ እንዲቆጣኝ ፈልጌ።

«ጉልበት ደርሷል እኮ» አለኝ፣ ስለ በቆሎው።