ሥጋው ለቦቢ ነው

ውሻችሁን ማቆያ የምታስገቡ ሰዎች፣ የለመደውን ምግብ አብራችሁ ላኩ። እኔ ባለመላኬ ተዋርጃለሁ።

ቤቴን የሚያድሱት ሠራተኞች ውሻዬን ቦቢን ስለፈሩት ዘንዘልማ ካለ የውሻ ማቆያ አስገባሁት። በማግስቱ ጠባቂው ደወለና «ጋሼ፣ እህል አልቀምስም ብሏል፤ የለመደውን ይዘው ይምጡ» አለኝ።

የለመደው ሥጋ ነው። ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም! የእኛዎቹ ሥጋ ቤቶች ስለተዘጉ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝቼ ስወጣ ከንስሐ አባቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምሁ። ዓይናቸው ፌስታሉ ላይ ነው።

«ለውሻዬ ነው፣ አባ።»

«ውሻህ የታለ?»

«ዘንዘልማ ማደሪያ ተከራይቼለት...» አልሁ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

«እንግዲያው አብረን እንሂዳ» ብለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። መንገዱን ሙሉ ፌስታሉን ታቅፌ ላብ አጠመቀኝ።

ስንደርስ ቦቢ ጅራቱን እየቆላ መጣ። ሥጋውን ዘረገፍሁለት። አሸተተውና ዞሮ ተኛ።

«ውይ ጋሼ፣ መልሼ ሳልደውልልዎት!» አለ ጠባቂው። «የእኔን ሽሮ ፍትፍት በልቶ ጠግቧል።»

አባ ቦቢን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እሱስ እየጾመ ነው» አሉ። «አንተ መቼ ነው የተውኸው፣ ልጄ?»