የደሜ ውድ መጽሐፍ

ልብስ ሰፊው ደሜ ቱሉ መጽሐፍ አሳተመ ሲባል ኮልፌ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ሱቄን ከሱቁ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፣ መሳቅ መብቴ ነው። በጃንሆይ ዘመን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ደጃዝማች ወይም መምሬ መሆን ነበረበት። ደሜ ግን በገዛ ገንዘቡ፣ ሙሽራዋ ስለጠፋችበት ሠርግ የሚያስቅ ልብ ወለድ አሳትሞ ቁጭ አለ። ትርፍ አላማረውም። ሰው አንብቦ እንዲስቅለት ብቻ ነበር የቋመጠው።

ቅዳሜ ከሱቆቻችን ፊት ለፊት ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመና፣ "ርካሽ መጽሐፍ! ርካሽ መጽሐፍ! በስሙኒ ብቻ!" እያለ ጮኸ።

ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ጥሩነህ ሽፋኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። "አንተው ራስህ ርካሽ ካልከው እኔ ልጆቼ ፊት እንዴት አነበዋለሁ? የብልግና ነገር ነው እንዴ?"

"ኧረ አይደለም አባባ! ዋጋው ነው ርካሽ!"

"ዋጋው ከረከሰማ ነገሩም አያስተማምንም" ብለው ሄዱ። ሌላውም ተከትሏቸው ሄደ። ደሜ አንድም ሳይሸጥ ተመለሰ። አንጀቴን በላኝ።

ሚስቱ ጉዲቱ ተቆጣች። "አንተ ሰው፣ ለምን ራስህን ታዋርዳለህ? ውድ በለው!"

በሳምንቱ ዋጋውን ሁለት ብር አድርጎ "ውድ መጽሐፍ!" እያለ ቆመ። ጉድ ፈላ! አቶ ጥሩነህ ራሳቸው ሁለት ገዙ። "ወረቀቱን ተመልከቱት፣ ተራ ወረቀት እኮ አይደለም" እያሉ ለሰው ሁሉ ያሳያሉ። ያው ወረቀት! ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ሱቄን ዘጋሁ።

ደሜ ግን እንቅልፍ አጣ። "የወደዱት ዋጋውን ነው ወይስ መጽሐፉን?" ይለኛል። ሲጨንቀው የአንዱን ሽፋን ገነጠለና ዋጋም ስምም የሌለውን መጽሐፍ ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ጣል አደረገው።

ግንበኛው ወልደሰንበት ሱሪው ከኋላው ተተርትሮ መጣ። እስኪሰፋለት ጋቢ አገልድሞ ተቀመጠና መጽሐፉን እንደ ዋዛ አነሳው። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈር ጀመር። በዚህ መሀል አውቶቡሱ ጡሩምባውን ሲነፋ ደንግጦ ብድግ አለና፣ መጽሐፉን ታቅፎ፣ ጋቢውን እንዳገለደመ ሮጦ ተሳፈረ።

ደሜ ሱሪውን እያውለበለበ፣ እንባው በሳቅ እየወረደ፣ ከአውቶቡሱ ኋላ በረረ።

"ወልደሰንበት! ወልደሰንበት! የቱ ጋ ነው ያሳቀህ?"