ሰልፌ ይሄ ነው

የተያዝኩት ሰበታ ነው፤ ከፋብሪካ ስወጣ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስፋልቱን ዘግቶት ነበር። ፖሊሶች በሩ አካባቢ ያገኙትን ሁሉ መኪና ላይ ጫኑ። እኔም ከሰው ጋር ጮኼያለሁ፤ አልክድም።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሳጅኑ መታወቂያዬን ተቀበለኝ። ጾታ፦ ወንድ ይላል። ቀና ብሎ ሻሼን አየ፤ መልሶ መታወቂያውን አየ።

"ወንዶቹ ጋ አስገቡት" አለ።

ስወለድ አዋላጇ ወንድ ልሁን ሴት መለየት ከብዷት ነበር። እናቴ ሴት ብላ አሳደገችኝ፤ እኔም ሌላ ሆኜ አላውቅም። መታወቂያ ሳወጣ ግን የቀበሌው ጸሐፊ ወፍራም ድምፄን ሰምቶ "ወንድ" ብሎ ጻፈ። አስተካክሉልኝ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ፋብሪካውም በዚያው ቀጠረኝ፤ ስፌት እየቻልኩ ጭነት ላይ መደቡኝ። ከሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ጥበቃው ይመልሰኛል፤ ወንዶቹ ጋ መግባት እኔ አልችልም። በቱታዬ ሄጄ በቱታዬ እመለስ ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ላብና ሽንት ይሸታል። ወንዶቹ ዞረው አዩኝ። መሬታቸው በፕላኑ ይወሰዳል የተባሉ አንድ አዛውንት ገበሬ ብድግ አሉ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ጥጉ ጋ።"

ጋቢያቸውን ከመስኮቱ ብረት ላይ አስረው ጋረዱልኝ። ወጣቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ማንም አላዘዛቸውም። ቢሆንም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ለቆጠራ ወጣን። ወንዶች በአጥሩ በኩል፣ ሴቶች በቧንቧው በኩል ተሰለፉ። እኔ ቧንቧው ጋ ሄጄ ቆምኩ።

"አንተ! ወደ ሰልፍህ!" ሳጅኑ ጮኸ።

"ሰልፌ ይሄ ነው።"

"መታወቂያህ ወንድ ይላል። ሕግ የሚያውቀው እሱን ነው።"

"የተሳሳተው መታወቂያው ነው። እኔ ሴት ነኝ።"

ይህን ለመንግሥት ሰው ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ክንዴን ሊይዝ ሲመጣ፣ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት "ኮቱ፣ ነይ" ብላ ወደ ጎኗ ሳበችኝ።

"እሷ ወንድ ከሆነች እኛንም ወንድ ብለህ ጻፈንና አብረን እንግባ!" አለችው።

ከወንዶቹ ሰልፍ ሳቅ ተነሣ። አዛውንቱ "እውነቷን ነው" አሉ። ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያያዙ። ሳጅኑ ግራ ቀኝ ቢያይ የሚጎትተው ሰው በዛበት።

"ግቡ!" አለና ፊቱን አዞረ።

የሴቶቹ ክፍልም ያው ጠባብ ነበር። ግን ከሰዓት በኋላ ሻሼን አስፈትተው ፀጉሬን ሠሩልኝ፤ እኔም የሌላዋን ሠራሁ። ስንስቅ ዘበኛው በሩን ደበደበ። አላቆምንም።

ከተፈታን በኋላ ቲማቲም ሻጯ ሐኪም ቤትም ቀበሌም አብራኝ ተመላለሰች። ብዙ ደጅ ጠናን፤ በመጨረሻ መታወቂያው ተስተካከለልኝ። ፋብሪካው ወደ ስፌት አዛወረኝ፤ ዛሬ የአንድ መስመር አለቃ ነኝ። እንደኔ ያልቀናቸው እንዳሉ አውቃለሁ።

በኋላ ቲማቲም ሻጯ ጓደኛዬ ሴት ልጅ ወለደች። በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅን ክርስትና የምታነሳ ሴት ናት። ቄሱ "የምታነሳት ማን ናት?" ሲሉ ሕፃኗን ታቅፌ ወደ ፊት ወጣሁ።

ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። እናቷ ገበያ ስትውል፣ ወላጅ ሲጠራ የምሄደው እኔ ነኝ። ባለፈው መምህሯ "የማን እናት ነዎት?" አለችኝ።

የልጅቷን ስም ነገርኳት።