በአያቴ ተስፋ እቀናለሁ

አያቴ የቁሐር ሚካኤል ቄስ ነበሩ። አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የሩዝ ማሳችንን ሲውጠው እኔ አለቀስሁ፤ እሳቸው ግን እስራኤል ባሕረ ኤርትራን እንዴት እንደተሻገሩ፣ አብረው የተሻገሩ ያህል ይተርኩልኝ ጀመር።

«አባባ፣ ይህ ሁሉ ጠፍቶ አይጨንቅዎትም?» አልኋቸው።

«ያን ጊዜ ያልጣለ አምላክ ዛሬ ይጥለናል እንዴ?» አሉኝ።

ውኃው ሲሸሽ በእርጥቡ መሬት ጓያ ዘርተን ዓመቱን ወጣነው። የሰው ሀብት አስቀንቶኝ አያውቅም፤ የእሳቸው ተስፋ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

ካረፉ ወዲህ በደጃፋቸው መደብ ላይ የሚቀመጥ የለም። ዘንድሮ ማሳዋን ውኃ የወሰደባት ጎረቤታችን መጥታ፣ «ቄሱ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር?» አለችኝ። ያሉኝን ነገርኋት።

«እውነትም አይጥለንም» ብላ፣ እንባዋን ጠርጋ ዘር ልትፈልግ ሄደች።

በእሷም ቀናሁ።